የታዋቂ አሜሪካውያንን የሕይወት ታሪክ ለታዳጊዎች በአማርኛ ስናዘጋጅ ማንን እንምረጥ? እንዴትስ እንጻፍ?

የንባብ ክበብ አስተባባሪ፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች።

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚካሄድ አነስተኛ የንባብ ክበብ አስተባብራለሁ። ከውጭ አገር በስጦታ ከደረሱን መጻሕፍት መካከል አብዛኞቹ የታዋቂ አሜሪካውያንን የሕይወት ታሪክ ለልጆች የሚተርኩ፣ ቀጫጭንና ባለሥዕል ናቸው። እንግሊዝኛቸው ለአሜሪካ የ3ኛ ክፍል ተማሪ የተመጠነ ቢሆንም ለእኛ የ6ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ይከብዳል፤ ስለዚህ ልጆቹ ሥዕሉን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ይህ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው መጽሐፍ የተጻፈለት?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም በቃል እተርክላቸዋለሁ። ይህን ያዩ በጎ ፈቃደኛ መምህራን፣ መጻሕፍቱን ቃል በቃል ከመተርጎም ይልቅ በራሳችን አጻጻፍ ስምንትና አሥር ገጽ የሚሆኑ አጫጭር የሕይወት ታሪኮችን በአማርኛ ብናዘጋጅ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሁላችንም ተስማማንበት።

ሥራውን ልንጀምር ስንል ግን ጥያቄዎች ተደራረቡብን። መጀመሪያ የመጣው የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ፕሬዚዳንቶችም፣ የፈጠራ ሰዎችም፣ ስፖርተኞችም፣ የመብት ታጋዮችም አሉና ለጎንደር ልጅ ይበልጥ የሚቀርበው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልንም። ቀጥሎ ያለው የባርነትና የዘር መድልዎ ጉዳይ ነው፤ የብዙዎቹን ሕይወት ያለ እሱ መተረክ አይቻልም፣ ለአሥር ዓመት ልጅ ምን ያህሉ ይነገር የሚለው ግን አከራክሮናል። ከዚህም ሌላ መጻሕፍቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ለምሳሌ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ለማስመለጥ እየተመላለሰች ስለነበረችው ስለ ሃሪየት ተብማን አንዱ መጽሐፍ 19 ጊዜ ተመላልሳ 300 ሰው አስመለጠች ሲል፣ ሌላው 13 ጊዜና 70 ሰው ይላል። ልዩነቱ እንዲህ ከሰፋ የትኛውን ይዘን እንጻፍ?

በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ፣ ወይም በልጆች ንባብ ላይ ያሰባችሁበት ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉን ባለ ውለታችሁ ነን።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ አዘዞ

የተከበሩ አስተባባሪ፣ የጀመራችሁት ሥራ በጎ ነው። ከጥያቄዎ ሁሉ የሚቀለው የቁጥሩ ስለሆነ ከእሱ ልነሣ።

19 ጉዞና 300 ሰው የሚለው የመጣው ሃሪየት ተብማን በሕይወት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ፣ ሳራ ብራድፎርድ የተባለች ጸሐፊ ስለ እሷ ካሳተመችው የሕይወት ታሪክ ነው። ያ መጽሐፍ በችግር ላይ ለነበረችው ሃሪየት ገንዘብ ለማሰባሰብ ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ አያስደንቅም። ሰነድ ከሰነድ ያመሳከሩት የቅርብ ዘመን ተመራማሪዎች ጉዞዎቹን ወደ 13፣ ራሷ እየመራች ያወጣቻቸውን ሰዎች ወደ 70 ያደርሷቸዋል። ይህንኛውን ያዙ። ደግሞም ቁጥሩ ስላነሰ ሃሪየት አላነሰችም፤ እ.ኤ.አ. በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በደቡብ ካሮላይና በኮምባሂ ወንዝ ላይ በተደረገ ዘመቻ ለሰሜኑ ጦር መንገድ መርታ ከ700 በላይ ሰዎች ነጻ እንዲወጡ አድርጋለች። ብዙዎቹ የልጆች መጻሕፍት 300ውን እየደጋገሙ ይህን ግን በአንድ መስመር ያልፉታል፣ ወይም ጭራሹን አያነሡትም። ለእኔ ከምሽት ጉዞዎቹ ይልቅ የሚደንቀው ይህኛው ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ምክር አለኝ። ከመጽሐፉ ውስጥ በጣም ያማረውን ታሪክ ስታገኙ መጀመሪያ የምትመረምሩት እሱን ይሁን። በአሜሪካ እጅግ የታወቀው የልጆች ታሪክ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በስድስት ዓመቱ የአባቱን የቼሪ ዛፍ በትንሽ መጥረቢያ ከቆረጠ በኋላ «መዋሸት አልችልም» ብሎ አመነ የሚለው ነው። ዋሽንግተን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1799 ሲሆን፣ ከአገር አገር እየዞረ መጽሐፍ ይሸጥ የነበረው ሜሶን ዊምስ የሚባል ቄስ በማግስቱ ዓመት የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ የዛፉ ወሬ ግን በዚያ እትም ላይ እንኳ አልነበረም፤ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1806 በወጣው በአምስተኛው እትም ነው። የታሪክ ሰዎች ማስረጃ አጥተውለት የፈጠራ ወሬ ነው ብለው ከተዉት ቆይቷል። ልጆችን አትዋሹ ብሎ ለማስተማር የተጻፈው ወሬ ራሱ ውሸት ሆኖ አረፈ።

ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ ለእኛ ልጆች እንግዳ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የጎንደር ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በየበዓሉ የቅዱሳኑን ገድል እየሰማ ያድጋል። ገድል የሚነበበው ለበረከት ነው፤ አንባቢውም ሰሚውም ይህን ያውቃሉ፤ ከቦታው አናንቀሳቅሰው። ዜና መዋዕል ደግሞ በቤተ መንግሥቱ በሚቀለብ ጸሐፊ የተዘጋጀ በመሆኑ የንጉሡን ጥፋት ፈልገው ቢያጡበት አይፈረድበትም። እናንተ የምትጽፉት የሕይወት ታሪክ ግን ከሁለቱም የተለየ መሆን አለበት፤ ሰውየው የፈራበት፣ የተሳሳተበት፣ ያልተሳካለት ጊዜ ከሌለ ልጁ ያደንቀዋል እንጂ አያውቀውም።

ስለ ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ከባርነት አምልጦ ባርነትን በብዕሩና በንግግሩ ከታገለው ከፍሬድሪክ ዳግላስ ጀምሩ እላለሁ፤ ምክንያቴም የጎንደር ነው። ዳግላስ በሜሪላንድ በባርነት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1818 ገደማ ነው፤ የእኛ ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሆኑት፣ በቋራ ተወለዱ የሚባለውም በዚያው ዓመት ገደማ ነው። ልጁ ቴዎድሮስን ያውቃል፤ ዘመኑንም በእሳቸው ይለካዋል። «ካሣ በቋራ ሕፃን በነበሩበት ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ አንድ ሌላ ሕፃን ነበር» ብላችሁ ብትጀምሩ ግማሹን መንገድ ሄዳችሁለታል። ዳግላስ የተወለደበትን ቀን ፈጽሞ አላወቀውም፤ ሲያድግ የካቲትን ወር ለራሱ መረጠ። የልደት ቀኑን የማያውቅ ልጅ በእኛም ሰፈር ብዙ አለና ይህ ለልጆቹ የሩቅ ነገር አይሆንባቸውም።

ትዕይንቱንም ከራሱ ብዕር ታገኛላችሁ። በባልቲሞር ያሳደረችው እመቤት ፊደል ታስቆጥረው ጀመር፤ ባሏ ይህን ሲያውቅ፣ ባሪያ ማንበብ ከቻለ ለባርነት አይመችም ብሎ ከለከላት። ልጁ በዚያው ቅጽበት የነጻነት መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ከከልካዩ አፍ ሰማ። ከዚያ በኋላ ከቤት ዳቦ እየያዘ ይወጣና ለተራቡ የነጭ ድሃ ልጆች እየሰጠ፣ እነሱ ደግሞ በመንገድ ላይ ንባብ ያስተምሩት ነበር። ለንባብ ክበብ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ቀበሌ 18

ጋሼ መምህር ያሉት ሁሉ ተስማምቶኛል፤ እኔ የምጨምረው ከልጆች ጥያቄ አንጻር ነው። የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ስለ ሮዛ ፓርክስ የሚተርክ አንድ የልጆች መጽሐፍ ይዛ መጣችና አብረን አነበብነው። መጽሐፉ ሮዛን የሚያቀርባት እግሯን የደከማት አሮጊት አድርጎ ነው፤ ሥራ ውላ ስለደከማት ከአውቶብሱ ወንበር አልነሣም አለች፣ ከዚያ የአገሩ ሕግ ተለወጠ፣ በቃ። ልጄ ወዲያውኑ «ሌሎቹ አይደክማቸውም ነበር እንዴ? እነሱ ለምን ተነሡ?» አለችኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ መጽሐፉ ግን መልስ አልነበረውም።

መልሱን ፈልጌ ሳነብ ታሪኩ ከመጽሐፉ ይልቅ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ሮዛ ፓርክስ ያን ቀን የ42 ዓመት ሴት ነበረች። በልብስ ስፌት ሥራ ትተዳደር እንጂ፣ ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞንትጎመሪ ከተማ የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር ጸሐፊ ሆና ስታገለግል የቆየች፣ የምታደርገውን የምታውቅ ሰው ነበረች። የተቀመጠችውም ለነጮች በተለየው በፊተኛው ክፍል አልነበረም፤ ለጥቁሮች በተፈቀደው ክፍል የመጀመሪያው መደዳ ላይ ነው። አውቶብሱ ሲሞላ ሾፌሩ በዚያ መደዳ ያሉትን አራት ሰዎች ለነጭ ተሳፋሪ ቦታ እንዲለቁ ተነሡ አላቸው፤ ሦስቱ ተነሡ፣ እሷ ቀረች። ከእሷ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ክላውዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ በዚያችው ከተማ አልነሣም ብላ ታስራ ነበር፤ በኋላም የአውቶብሱን መድልዎ ሕገ ወጥ ባሰኘው የፍርድ ቤት ክርክር ከከሳሾቹ አንዷ ሆናለች። ከሮዛ መታሰር በኋላ የከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች 381 ቀን አውቶብስ ሳይሳፈሩ ቆዩ። ይህን ስነግራት የልጄ ጥያቄ ተለወጠና «381 ቀን ሙሉ በእግር? ሥራ የሚሄዱትም?» አለች፤ እኔም በእግርም፣ በተሰባሰበ የግል መኪናም፣ በታክሲም ይሄዱ እንደነበር አስረዳኋት። ከማራኪ እስከ ፒያሳ ባጃጅ አጥቶ በእግር የሄደ ልጅ ይህን ለመረዳት ሌላ ገለጻ አያስፈልገውም።

ስለዚህ እባካችሁ ክላውዴትን አትርሷት። ልጆች በእድሜያቸው ያለ ሰው ሲያገኙ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

ታዛቢ ዘጎንደር

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሁሉም መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የእቴጌ ምንትዋብን ሕይወት፣ ቁስቋምን እንዴት እንዳሠሩና ለልጃቸውና ለልጅ ልጃቸው እንደራሴ ሆነው አገር እንዴት እንደመሩ፣ ለ5ኛ ክፍል ልጅ በሚስማማ አማርኛ የሚተርክ መጽሐፍ በክበባችሁ መደርደሪያ ላይ አለ? ከሌለ፣ በጎ ፈቃደኞቹ ጊዜያቸውን ለሮዛ ፓርክስ ከማዋላቸው በፊት ለምንትዋብ ቢያውሉት አይሻልም? ልጆቻችን የሞንትጎመሪን አውቶብስ ከቁስቋም ፍርስራሽ ይልቅ ቢያውቁት እንዴት ይሆናል?

የግብርና ባለሙያ፣ ገንዳ ውኃ

ታዛቢው ያነሡት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይመስለኝም። ለአሜሪካውያኑ ሰነዱም ፎቶውም በእጅ ስላለ በእነሱ ላይ እጁን ያፍታታ ሰው ምንትዋብን በተሻለ ሊጽፋቸው ይችላል። ደግሞም ከአሜሪካውያኑ መካከል ሕይወታቸው ከእኛ ጋር የሚነካካውን መምረጥ ይቻላል።

እኔ የጎንደር ልጅ ስሆን ሥራዬ መተማ አካባቢ ጥጥና ሰሊጥ ከሚያመርቱ ገበሬዎች ጋር ነው፤ ስለዚህ የምመርጠው የግብርና ተመራማሪውን ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ነው። ሚዙሪ ውስጥ የባርነት ዘመን ሊያበቃ ሲል በባርነት ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከእናቱ ጋር ዘርፈው ወሰዱት፤ እሱ ሲመለስ እናቱ ግን በዚያው ቀረች። ደካማ ልጅ ስለነበረ ከባድ ሥራ ተትቶለት በቤት አካባቢ ተክል ሲንከባከብ አደገ። በአይዋ የግብርና ኮሌጅ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 የማስትሬት ዲግሪውን ይዞ በአላባማ ወደሚገኘው የተስኪጊ ትምህርት ቤት መጣና እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1943፣ እዚያው አስተማረ።

የአላባማ መሬት በዓመት በዓመቱ ጥጥ ብቻ ሲዘራበት ኖሮ ደክሞ ነበር። ካርቨር ገበሬዎቹን ጥጡን ከኦቾሎኒና ከአተር ዘር ጋር አፈራርቁ አላቸው፤ የእነዚህ ሥር ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ለአፈሩ ስለሚሰጡ ማሳው ያገግማል። ይህን ለጎንደር የገጠር ልጅ ስትነግሩት «አባቴም ስንዴ በተነሣበት ላይ ባቄላ የሚዘራው ለዚህ ነው» ይላችኋል፤ ምክንያቱን ሳይማር የሚያውቀው ነገር ነው። ገበሬው ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ስላልቻለ ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1906 በእንስሳት የሚጎተት ጋሪ በመሣሪያና በዘር አስጭኖ ትምህርቱ ወደየመንደሩ እንዲሄድ አደረገ። ዛሬ የግብርና ባለሙያ በሞተር ሳይክል ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲያገኝ ማለቴ ነው።

ጋሼ መምህር ባስጠነቀቁት መሠረት አንድ ነገር ጠብቁ። ካርቨር የኦቾሎኒ ቅቤን ፈለሰፈ የሚል መጽሐፍ ከመጣላችሁ አትቀበሉት። ኦቾሎኒ ለምግብ የሚውልባቸውን 105 መንገዶች የዘረዘረ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1916 አውጥቷል፤ ቅቤውን የሠሩት ግን ከእሱ በፊት ሌሎች ናቸው።

ይህችን ተስኪጊን ደግሞ ያዟት። ከላይ የተነሣችው ሮዛ ፓርክስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያው ተስኪጊ ከተማ ነው። በትምህርት ቤቱ የመካኒክነት ሙያ የተማረው ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ደግሞ በቺካጎ አውሮፕላን ማብረር ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣልያ ልትወርረን ስትዘጋጅ ወደ ኢትዮጵያ መጣና የነበሩንን ጥቂት አውሮፕላኖች አዛዥ ሆኖ አገለገለ። ከወረራው በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። ትምህርት ቤቱን በ1881 የመሠረተው ቡከር ዋሽንግተንም ራሱ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ከአንዲት ትንሽ ከተማ የወጡ አራት ሰዎችን በአንድ ጥራዝ ብታወጡ፣ አንዱ የእኛን ሰማይ የጠበቀ ነውና ታዛቢውም የሚቃወሙ አይመስለኝም።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት

ስለ ሄለን ኬለር እስካሁን ያነሣ ስለሌለ እኔ ላንሣ። ማየትና መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር የምሠራ ስለሆነ እነዚህን መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እጠቀማለሁ፤ የማዝንባቸውም ብዙ ጊዜ ነው።

ሄለን በአላባማ እ.ኤ.አ. በ1880 ተወልዳ በ19 ወሯ በሕመም ምክንያት ዓይኗንም ጆሮዋንም አጣች። ሰባት ዓመት ሊሞላት ሲል አን ሱሊቫን የተባለች የ20 ዓመት ወጣት መምህርት መጣችላት። አን ራሷ ዓይኗ በደንብ አያይም ነበር፤ ያደገችውም በድሆች መጠለያ ነው። ከአንድ ወር በኋላ በግቢው የውኃ መሳቢያ አጠገብ፣ የሄለንን አንድ እጅ ከሚወርደው ውኃ ሥር አድርጋ በሌላው መዳፏ ላይ የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ በጣቷ ጻፈችላት፤ ልጅቱም ነገሮች ሁሉ ስም እንዳላቸው ተረዳች። ይህ እውነት ነው፤ ሁለቱም ጽፈውታል። ችግሩ የልጆቹ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያው ውኃው ላይ ማቆማቸው ነው። ሄለን የኖረችው 87 ዓመት ነው! የሰባት ዓመት ልጅ አድርገን ትተናት ሰማንያውን ዓመት ምን በላው?

እ.ኤ.አ. በ1904 በከፍተኛ ትምህርት ተመረቀች፤ ማየትም መስማትም ተስኖት ይህን ዲግሪ ያገኘ ከእሷ በፊት አልነበረም። መጻሕፍት ጻፈች፤ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ተከራከረች፤ የሶሻሊስት ፓርቲ አባል ሆና ስለ ሠራተኞች መብት ስትናገር ቀድሞ ያደነቋት ጋዜጦች ፊታቸውን አዞሩባት፤ ከ30 በላይ አገሮች ዞራ ስለ ዓይነ ስውራን ትምህርት ተሟገተች። አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪዬ ይህን ክፍል ካነበብኩላት በኋላ «ተሟገተች» የሚለውን መልሼ እንዳነብላት ጠይቃኛለች። በውኃው ጊዜ እንዲህ አላለችም።

አንድ ጥያቄም አለኝ፦ ከምታዘጋጁት ጥቂት ቅጂ በአማርኛ ብሬል ለማውጣት አስባችኋል? ካሰባችሁ እኔና ባልደረቦቼ ልንረዳችሁ ፈቃደኛ ነን።

የአብነት ተማሪ የነበረ

በአጭሩ፦ ሴኮያን ጨምሩ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቸሮኪ ወገን የነበረ አንጥረኛ ነው። በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ የማይችል ሰው ሆኖ፣ ነጮች በወረቀት ሲነጋገሩ አይቶ ለራሱ ቋንቋ ፊደል ካልሠራሁ አለ፤ ሰዎች አበደ፣ መተት ይሠራል እያሉት ብዙ ዓመት ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1821 ጨረሰ። መጀመሪያ ያስተማራት ትንሽ ሴት ልጁን ነው፤ የተጠራጠሩት ሰዎችም ሁለቱን ለያይተው እያጻፉና እያስነበቡ ፈትነዋቸዋል። በ1828 በዚያ ፊደል ጋዜጣ ታተመ። ዋናው ነገር፣ ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው እንደ እኛዎቹ ሙሉ ድምፅ የሚሰጡ ናቸው። የአሜሪካ መጻሕፍት ይህን ለልጆቻቸው ለማስረዳት ገጽ ሙሉ ይደክማሉ፤ ሀ ሁ ሂ ለቆጠረ ልጅ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የእኛ ልጅ ከአሜሪካዊው ልጅ ቀድሞ የሚረዳው አሜሪካዊ እሱ ነው።

የንባብ ክበብ አስተባባሪ፣ ጎንደር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተስኪጊው ጥራዝ ሐሳብ በጎ ፈቃደኞቹን በጣም አስደስቷል፤ የብሬሉንም ጉዳይ ለመምህርቷ በግል እጽፍላቸዋለሁ። ታዛቢውም ስለ ምንትዋብ ያሉት ትክክል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ እንዳለቁ እሳቸውን እንቀጥላለን፣ ለመጻፍ ፈቃደኛ ከሆኑም በሩ ክፍት ነው። ነገር ግን የባርነቱ ጥያቄ እንዳለ ቀርቷል። ጋሼ መምህር፣ ዳግላስን ካልን ባርነትን ለ4ኛ ክፍል ልጅ ከየት ይዘን እንነሣ?

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ አዘዞ

ከእናቱ ጀምሩ። ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደጻፈው፣ ገና ጡት ሳይጥል ከእናቱ ለይተው በሌላ ቦታ አሳደጉት፤ እናቱ ወደ 12 ማይል ርቆ በሚገኝ እርሻ ትሠራ ስለነበር ልታየው የምትችለው ቀን ሥራ ውላ በሌሊት በእግሯ ከመጣች ብቻ ነው፤ ጎኑ ተኝታ ታስተኛውና ሳይነጋ ትመለሳለች፤ ፀሐይ ስትወጣ በማሳው ላይ ካልተገኘች ትገረፋለችና። በሕይወቱ ያያት ከአራትና ከአምስት ጊዜ አይበልጥም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች። 12 ማይል ወደ 19 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ደርሶ መልሱ ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ለ4ኛ ክፍል ልጅ ይህ ይበቃል። ሰው ሰውን ገዝቶ ሲሸጠው ምን እንደሚወስድበት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም፤ ግርፋትና ደም መደርደር አያስፈልግም። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ግን ግርፋቱን ሙሉ በሙሉ አትደብቁት፤ ዳግላስ ራሱ በልጅነቱ ያየውን ጽፎታልና አንዱን በራሱ አነጋገር መጠን አቅርቡት።

ሌላው፣ ልጁ «አሜሪካውያን ክፉ ሰዎች ነበሩ» ብሎ መጽሐፉን እንዳይዘጋው ተጠንቀቁ። ባርነት በእኛም አገር ነበር። መተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች የሚሸጡባት የታወቀች ገበያ ነበረች፤ በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን የነጻነት አዋጁን ካወጣ ወደ ሰማንያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህን በመጽሐፉ መጨረሻ በግማሽ ገጽ ጻፉት። ወላጅ ሊያኮርፍ ይችላል፤ ያኩርፍ። በሌላ አገር በደል ላይ ብቻ ያለቀሰ ልጅ ታሪክ ተማረ አልልም።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

ከሥራው አንጻር ሁለት ነገር ልጨምር።

ዘመን አቆጣጠሩን ከመጀመሪያው ወስኑ። እኔ የምመክረው በጽሑፉ ውስጥ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጦ በገጹ ግርጌ የእነሱን መስጠት ነው። ከታኅሣሥ 23 ገደማ እስከ ጳጉሜን ያለው ቀን ከፈረንጆቹ ዓመት ስምንት፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ደግሞ ሰባት ይቀነስለታል፤ የሚለወጠው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ ነው። ቀኑን በትክክል ስታሰሉ ልጁ የሚይዘው ነገር ታገኛላችሁ። ሮዛ ፓርክስ የታሰረችበት ዕለት በእኛ ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም. ነው፤ የጎንደር ልጅ ኅዳር ጽዮን ሲባል ቀኑን አይረሳውም። ስፖርተኛ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዊልማ ሩዶልፍ አለች፤ በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት በብረት ድጋፍ ትራመድ የነበረችው ይህች ሴት ሦስት የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው በሮም ኦሎምፒክ ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ማለት ነው። አበበ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት ነበር። ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ብታስቀምጧቸው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የቅጂ መብት ነው። የሰው ሕይወት እውነታ ባለቤት የለውም፤ አጻጻፉና ሥዕሉ ግን አለው። ስለዚህ በስጦታ የመጡትን መጻሕፍት ሥዕል ፎቶ አንሥታችሁ እንዳታትሙ፤ ተርጉሞ ማሳተምም ፈቃድ ይጠይቃል፤ በራሳችሁ አጻጻፍ ለማዘጋጀት መወሰናችሁ በዚህም በኩል ይጠቅማችኋል። የዳግላስ የ1845 መጽሐፍና የሄለን ኬለር የ1903 የሕይወት ታሪክ በአሜሪካ የመብት ዘመናቸው ያለፈ ስለሆነ እንደ ልብ ጥቀሱ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያነሡት ፎቶም በአገሩ ሕግ የቅጂ መብት አይጠየቅበትም፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የተጻፈውን ግን ሳታነቡ አትውሰዱ። ለቀረው ሥዕል በከተማችን ጥሩ እጅ ያላቸው ወጣቶች አሉ፤ ዳግላስ ዳቦውን ሲያቀብል አንድ የጎንደር ልጅ ቢሥለው እኔ ከተገዛው ሥዕል ይልቅ እመርጠዋለሁ።

የንባብ ክበብ አስተባባሪ፣ ጎንደር

የምንጀምረው በዳግላስ ነው፤ ቀጥሎ የተስኪጊዎቹ አራት ይመጣሉ። የዳግላስን የመጀመሪያ ረቂቅ እንዳለቀ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ጋሼ መምህር እውነታውን፣ የሁለቱ ልጆች እናት ደግሞ ከነልጃቸው አማርኛውን ቢያዩልን እንወድዳለን፤ በተለይ ልጅቱ ያልገባትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ብታሰምርበት።